የሎጂክ ቺፖች የውፅዓት ከረንት ወሰን፦ የ74ኤችሲ ቤተሰብ ዳታሺት እንዴት ይነበባል?

በኤሌክትሮኒክስ ቤተ ሙከራ ውስጥ በተደጋጋሚ ከሚነሡ ጥያቄዎች አንዱ «ይህ ቺፕ ስንት ሚሊአምፔር ይሰጣል?» የሚለው ነው። ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ መልሱም አንድ ቁጥር እንዲሆን ይጠበቃል። ይሁን እንጂ ስድስት ኢንቨርተሮችን የያዘውን የ74ኤችሲ04 ቺፕ ዳታሺት የከፈተ ሰው ቢያንስ ሦስት ቁጥሮች ይጠብቁታል፦ 4 ሚሊአምፔር፣ 25 ሚሊአምፔር እና 50 ሚሊአምፔር። ሦስቱም ትክክል ናቸው፤ የሚመልሱት ጥያቄ ግን ለየቅል ነው።

ልዩነቱ የአጠራር ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባላሳሰበ ነበር። ነገር ግን ከሦስቱ ውስጥ ያለቦታው የገባውን ቁጥር ይዞ የተነደፈ ሰርኪዩት ብዙ ጊዜ በጠረጴዛ ላይ በሚገባ ይሠራል። ችግሩ የሚገለጠው ሰርኪዩቱ ሳጥን ውስጥ ገብቶ ሲሞቅ፣ ቺፑ ከሌላ ምርት በመጣ ሲተካ ወይም ባትሪው ሲደክም ነው። በዚያን ጊዜ ደግሞ ጥፋቱ በፕሮግራሙ ወይም በሽቦው ላይ ይፈለጋል እንጂ ማንም ወደ ፒኑ ተመልሶ አይመለከትም። ይህ ጽሑፍ ሦስቱ ቁጥሮች ከየት እንደመጡ፣ እያንዳንዳቸው ምን እንደሚያረጋግጡና ምን እንደማያረጋግጡ በአንድ የታወቀ የቺፕ ቤተሰብ ላይ ተመሥርቶ ይመረምራል። የተጠቀሱት አኃዞች በአምራቾች ዳታሺት ላይ የሰፈሩ ናቸው፤ ከእነርሱ የተሰሉት ውጤቶች የጸሐፊው ናቸው።

ሦስት ሠንጠረዦች፣ ሦስት ጥያቄዎች

25 ሚሊአምፔር የሚገኘው «ፍጹም ከፍተኛ ወሰን» በሚለው ሠንጠረዥ ውስጥ ነው። ይህ ሠንጠረዥ ከዳታሺቱ የመጀመሪያ ገጾች በአንዱ ላይ ስለሚገኝና ቁጥሮቹም ትልልቅ ስለሆኑ ዓይን ቀድሞ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው። ከሠንጠረዡ ጋር የሚጻፈው ማሳሰቢያ ግን ግልጽ ነው፦ ከዚህ ወሰን ማለፍ ቺፑን በዘላቂነት ሊጎዳው ይችላል፤ በዚህ ወሰን ላይ ቺፑ ሥራውን በትክክል ያከናውናል የሚል ዋስትና የለም። አንድ ጆንያ የሚቀደድበት ክብደትና ባለቤቱ እህል የሚሞላበት ክብደት አንድ እንዳልሆኑ ሁሉ፣ 25 ሚሊአምፔርም የመትረፍ ወሰን እንጂ የሥራ ወሰን አይደለም።

50 ሚሊአምፔርም የሚገኘው በዚያው ሠንጠረዥ ውስጥ ነው፤ የሚመለከተው ግን አንድን ውፅዓት ሳይሆን የኃይል ምንጭና የግራውንድ ፒኖችን ነው። ስድስቱ ኢንቨርተሮች ተደምረው በእነዚህ ሁለት የጋራ በሮች ከዚያ በላይ ማሳለፍ የለባቸውም። ስለዚህ ስድስት ጊዜ 25 የሚለው ስሌት ከመነሻው አይሠራም።

4 ሚሊአምፔር የሚገኘው ወረድ ብሎ፣ በኤሌክትሪክ ባሕርያት ሠንጠረዥ ውስጥ ነው። እዚያም ለብቻው አልተጻፈም፤ የአንድ ቮልቴጅ ፈተና ሁኔታ ሆኖ ነው የቀረበው። የኃይል ምንጩ 4.5 ቮልት ሆኖ ውፅዓቱ 4 ሚሊአምፔር ሲቀበል፣ የሎጂክ 0 ቮልቴጅ በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ ከ0.26 ቮልት አይበልጥም፤ 4 ሚሊአምፔር ሲሰጥ ደግሞ የሎጂክ 1 ቮልቴጅ ከ3.98 ቮልት አያንስም። ሙቀቱ እስከ 85 ዲግሪ ሲደርስ ዋስትናው ወደ 0.33 እና 3.84 ቮልት፣ እስከ 125 ዲግሪ ሲደርስ ወደ 0.40 እና 3.70 ቮልት ይላላል። እንግዲህ አምራቹ ቃል የገባው ስለ ከረንት ሳይሆን ስለ ቮልቴጅ ነው። ከረንቱ የቃሉ ቅድመ ሁኔታ ነው።

ከፒኑ በስተጀርባ ያለው ሬዚስታንስ

በሲሞስ ቴክኖሎጂ የተሠራ ውፅዓት ሁለት ትራንዚስተሮች አሉት። አንዱ ፒ-ዓይነት ሲሆን ፒኑን ከኃይል ምንጭ ጋር ያገናኛል፤ ሌላው ኤን-ዓይነት ሲሆን ፒኑን ከግራውንድ ጋር ያገናኛል። በማንኛውም የረጋ ሁኔታ ከሁለቱ አንዱ ብቻ ክፍት ነው። ክፍት የሆነው ትራንዚስተር በላዩ ላይ ያለው ቮልቴጅ ትንሽ እስከሆነ ድረስ እንደ ተራ ሬዚስተር ይታያል። ስለዚህ ሎጂክ 0 ማለት «በአነስተኛ ሬዚስታንስ በኩል ግራውንድ»፣ ሎጂክ 1 ማለት ደግሞ «በአነስተኛ ሬዚስታንስ በኩል የኃይል ምንጭ» ማለት ነው። የከረንቱን መጠን የሚወስነው ጭነቱ ከዚህ ሬዚስታንስ ጋር ተደምሮ ነው። ቺፑ «4 ሚሊአምፔር አውጣ» ተብሎ የታዘዘ የከረንት ምንጭ አይደለም፤ በ4 ሚሊአምፔር ላይ የሚያቆመው መቆጣጠሪያም በውስጡ የለም።

ይህን ከተቀበልን የዳታሺቱን ቮልቴጆች ወደ ኦም መቀየር እንችላለን። 0.26 ቮልት ለ4 ሚሊአምፔር ሲካፈል 65 ኦም ይሆናል፤ በ85 ዲግሪ 82.5 ኦም፣ በ125 ዲግሪ 100 ኦም። በላይኛው በኩል ከ4.5 ላይ 3.98 ሲቀነስ 0.52 ቮልት ይቀራል፤ ለ4 ሚሊአምፔር ሲካፈል 130 ኦም ነው። በ85 ዲግሪ 165 ኦም፣ በ125 ዲግሪ 200 ኦም ይደርሳል። የላይኛው በየደረጃው የታችኛው ልክ እጥፍ መሆኑ ልብ ይሏል። በሲሊከን ውስጥ ኤሌክትሮኖች ከቀዳዳዎች ሁለትና ሦስት ጊዜ ያህል ስለሚፈጥኑ ፒ-ዓይነቱ ትራንዚስተር በተፈጥሮው ደካማ ነው፤ ነዳፊዎች ይህን የሚያካክሱት ትራንዚስተሩን በማስፋት ነው። ዋስትናው ግን ለላይኛው በኩል ሰፋ ያለ መጠባበቂያ ይዟል። ሬዚስታንሱ ከሙቀት ጋር የሚጨምረውም የሲሊከኑ አተሞች ንዝረት እየበረታ የኃይል ተሸካሚዎቹን ጉዞ ስለሚያውክ ነው።

የኃይል ምንጩ ቮልቴጅም ድርሻ አለው። በ6 ቮልት የፈተናው ከረንት 5.2 ሚሊአምፔር ሲሆን የታችኛው ቮልቴጅ ዋስትና እዚያው 0.26 ቮልት ላይ ይቆያል፤ ይህም 50 ኦም ነው። ጌቱ ላይ የሚያርፈው ቮልቴጅ ከፍ ባለ መጠን የትራንዚስተሩ መተላለፊያ ይሰፋል። በተቃራኒው በ2 ቮልት ዳታሺቱ ዋስትና የሚሰጠው ለ20 ማይክሮአምፔር ብቻ ነው። ያንኑ ቺፕ በዝቅተኛ ቮልቴጅ አሠርቶ ያንኑ ከረንት መጠበቅ አይቻልም።

ከዋስትናው ጎን «የተለመደ» የሚባል ሌላ አምድ አለ። የቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ዳታሺት በ4.5 ቮልትና በ4 ሚሊአምፔር የተለመደውን ዝቅተኛ ቮልቴጅ 0.17፣ ከፍተኛውን 4.3 ቮልት አድርጎ ያስቀምጣል። ይህ ወደ 43 እና 50 ኦም ይተረጎማል። ከ50 እስከ 165 ኦም ያለው ርቀት ቀላል አይደለም፤ ቀጥሎ የሚመጣው ምሳሌ በሙሉ የሚሽከረከረው በዚህ ርቀት ላይ ነው።

4 ሚሊአምፔር ለምን 4 ሆነ?

ይህ ቁጥር ከሲሊከን የመነጨ ቢመስልም ከታሪክ የመጣ ነው። ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ለገበያ ባቀረበው የቲቲኤል ቤተሰብ ውስጥ አንድ ግብዓት በሎጂክ 0 ላይ እስከ 1.6 ሚሊአምፔር ወደ ነጂው ያፈስሳል፤ በሎጂክ 1 ላይ ግን 40 ማይክሮአምፔር ብቻ ይጠይቃል። አንድ ውፅዓት አሥር ግብዓቶችን እንዲነዳ ሲፈለግ 16 ሚሊአምፔር መቀበልና 0.4 ሚሊአምፔር መስጠት ይበቃዋል ማለት ነው። የቲቲኤል ዳታሺቶች ላይ የምናየው ያ አስገራሚ አለመመጣጠን የመነጨው ከዚህ ነው። ዛሬም ድረስ ኤልኢዲን በኃይል ምንጭና በፒን መካከል አስገብቶ በሎጂክ 0 የማብራት ልማድ የቀጠለው ከዚያ ዘመን ጀምሮ ነው።

በኋላ የመጣው 74ኤልኤስ ቤተሰብ የግብዓቱን ፍላጎት ወደ 0.4 ሚሊአምፔር ዝቅ አደረገ፤ ውፅዓቱ 8 ሚሊአምፔር ስለሚቀበል ሃያ የራሱን ቢጤዎች መንዳት ቻለ። አርሲኤ ያስተዋወቀው የሲዲ4000 የሲሞስ ቤተሰብ በሌላ ጫፍ ላይ ነበር፦ በ5 ቮልት የተረጋገጠለት ከረንት በ0.4 ቮልት 0.51 ሚሊአምፔር ብቻ ነው። አንድ የኤልኤስ ግብዓት ለመንዳት ይበቃዋል፤ ለሁለት አይበቃም።

እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ የ74ኤችሲ ቤተሰብ ሲወጣ ዓላማው የሲሞስን ቁጠባ ከኤልኤስ ፍጥነት ጋር ማጣመርና በነባሮቹ ቦርዶች ላይ ከኤልኤስ ጎን መቀመጥ ነበር። አሥር የኤልኤስ ግብዓቶች በ0.4 ሚሊአምፔር ሲባዙ 4 ሚሊአምፔር ይሆናሉ። ለባስ መስመር የተሠሩት እንደ 74ኤችሲ244 ያሉት ቺፖች ደግሞ አሥራ አምስት ግብዓት እንዲነዱ ተደርገው 6 ሚሊአምፔር ተሰጣቸው። እንግዲህ 4 ሚሊአምፔር የሲሊከን ወሰን ሳይሆን የጉርብትና ውል ነው። ከዚያ ትንሽ መብለጥ ቺፑን አያቃጥለውም፤ ከዚያ በላይ ግን ውፅዓቱ ለጎረቤቱ የሚያቀርበው ቮልቴጅ ምን ያህል እንደሚሆን አምራቹ ምንም አልተናገረም። ማስላት የነዳፊው ፋንታ ይሆናል።

ኤልኢዲው በርቶ ሎጂኩ ሲጠፋ

በሦስት ባትሪ ድንጋዮች፣ ማለትም በ4.5 ቮልት፣ የሚሠራ ሰርኪዩት እንውሰድ። የ74ኤችሲ04 አንድ ውፅዓት ለሚቀጥለው ጌት ምልክት ይልካል፤ በዚያው ፒን ላይ ሁኔታውን ለማሳየት ቀይ ኤልኢዲ በ150 ኦም ሬዚስተር በኩል ወደ ግራውንድ ተያይዟል። ኤልኢዲው ሲበራ 1.9 ቮልት ይወስዳል እንበል። ለሬዚስተሩና ለውፅዓቱ ትራንዚስተር የሚቀረው 2.6 ቮልት ነው።

በተለመደው 50 ኦም ስናሰላ ጠቅላላ ሬዚስታንሱ 200 ኦም ስለሚሆን 13 ሚሊአምፔር ይፈስሳል። በትራንዚስተሩ ላይ 0.65 ቮልት ይወድቃል፤ ፒኑ 3.85 ቮልት ላይ ይቆማል። የሚቀጥለው የኤችሲ ግብዓት በ4.5 ቮልት ምንጭ ሎጂክ 1 መሆኑን በእርግጠኝነት የሚያነበው ከ3.15 ቮልት በላይ ያለውን ስለሆነ 0.70 ቮልት የረብሻ ኅዳግ ይተርፋል። ኤልኢዲው ደምቆ ይበራል፤ ሰርኪዩቱ ይሠራል፤ 13 ሚሊአምፔርም ከ25 በታች ነው። ተማሪው ረክቶ ወደሚቀጥለው ክፍል ያልፋል።

አሁን ያንኑ ስሌት በ85 ዲግሪው ዋስትና እንድገመው። 2.6 ቮልት ለ315 ኦም ሲካፈል 8.25 ሚሊአምፔር ነው። ኤልኢዲው ትንሽ ይደበዝዛል እንጂ አይጠፋም፤ የዓይን ምርመራ ምንም ችግር አያሳይም። በትራንዚስተሩ ላይ የሚወድቀው ግን 1.36 ቮልት ነው፤ ፒኑ 3.14 ቮልት ላይ ይወርዳል። ከሚፈለገው 3.15 በታች! የረብሻ ኅዳጉ አልቋል። ይህም ትራንዚስተሩን እንደ ቀጥተኛ ሬዚስተር በመቁጠር የተገኘ ነው፤ በላዩ ላይ ያለው ቮልቴጅ ከአንድ ቮልት ሲያልፍ መስመሩ መጉበጥ ስለሚጀምር እውነተኛው ውጤት ከዚህም ሊብስ ይችላል። የሚቀጥለው ጌት በአብዛኛው ጊዜ ትክክል ያነባል፤ አልፎ አልፎ ግን አያነብም። ከዚህ ዓይነቱ ብልሽት የበለጠ ጊዜ የሚያባክን ብልሽት ያለ አይመስለኝም።

ኤልኢዲውን ገልብጠን ከኃይል ምንጭ ወደ ፒን ብናደርገው በጠንካራው በኩል እንሠራለን። በ82.5 ኦም 11.2 ሚሊአምፔር ይፈስሳል፤ የሎጂክ 0 ቮልቴጁ ወደ 0.92 ይወጣል። የኤችሲ ግብዓት እስከ 1.35 ቮልት ያለውን ሎጂክ 0 ብሎ ስለሚቀበል 0.43 ቮልት ይተርፋል። ተቀባዩ ግን ኤልኤስ ወይም ኤችሲቲ ከሆነ ወሰኑ 0.8 ቮልት ነው፤ ያው ሰርኪዩት በቺፑ ስም ላይ በተጨመረ አንድ ፊደል ምክንያት ከዋስትና ውጭ ይሆናል።

መፍትሔው አስቸጋሪ አይደለም። ሬዚስተሩን ወደ 330 ኦም ማሳደግ ብቻ፣ ኤልኢዲው ወደ ግራውንድ በተያያዘበት በመጀመሪያው አሠራር፣ በከፋው ሁኔታ ከረንቱን ወደ 5.25 ሚሊአምፔር፣ የፒኑን ቮልቴጅ ወደ 3.63 ያደርሰዋል። የዘመናችን ኤልኢዲዎች በ5 ሚሊአምፔር በሚገባ ይታያሉ። ከዚህ የሚሻለው ግን ኤልኢዲውን ከምልክቱ መስመር ለይቶ በቺፑ ውስጥ ሥራ ፈትቶ በተቀመጠ ሌላ ኢንቨርተር መንዳት ነው። ኤልኢዲ ብቻ የሚነዳ ፒን ቮልቴጁ ቢጎድል የሚጎዳው ጎረቤት የለውም፤ የሚያሳስበን የመትረፍ ወሰኑ ብቻ ይሆናል።

የጋራው በር

የጋራ ፒኖቹ ወሰን ይበልጥ የሚረሳ ነው። ስምንት ውፅዓት ያለው ሺፍት ሬጂስተር 74ኤችሲ595 ኤልኢዲዎችን ለመደርደር በጣም ይዘወተራል። የባስ ደረጃ ውፅዓቶች ስላሉት በ4.5 ቮልት 6 ሚሊአምፔር ተረጋግጦለታል፤ በአንድ ፒን ፍጹም ከፍተኛው 35፣ በጋራ ፒኖቹ ላይ ደግሞ 70 ሚሊአምፔር ነው። በ5 ቮልት ስምንት ቀይ ኤልኢዲዎች እያንዳንዳቸው በ220 ኦም ተያይዘዋል እንበል። የትራንዚስተሩን ሬዚስታንስ 55 ኦም ብንይዝ በእያንዳንዱ 11.3 ሚሊአምፔር ያልፋል፤ ዜሮ ብንይዘው 14.1። እውነቱ በመካከላቸው የትም ቢውል ድምሩ ከ90 እስከ 113 ሚሊአምፔር ነው። እያንዳንዱ ፒን ከወሰኑ ግማሽ በታች እየሠራ የጋራው በር ግን ከወሰኑ አልፏል።

ቺፑ በጣት ቢነካ አይሞቅም። 11.3 ሚሊአምፔር በ55 ኦም ውስጥ የሚፈጥረው ሙቀት 7 ሚሊዋት ያህል ነው፤ የስምንቱ ድምር 56 ሚሊዋት። ስለዚህ «አልሞቀም» የሚለው ማስረጃ እዚህ ላይ ዋጋ የለውም። ሥጋቱ ያለው በቺፑ ላይ ከረንቱን ተሸክሞ ወደ ፒኑ በሚያደርሰው ቀጭን የብረት መስመር ላይ ነው። በአነስተኛ ስፋት ብዙ ከረንት ሲያልፍ የኤሌክትሮኖቹ ግፊት የብረቱን አተሞች ቀስ በቀስ ከቦታቸው ይገፋቸዋል፤ ከአንዱ ወገን ክፍተት፣ ከሌላው ወገን ክምችት ይፈጠራል። ይህ ሂደት ኤሌክትሮማይግሬሽን ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ በሞቶሮላ ይሠራ የነበረው ጄምስ ብላክ ባቀረበው ቀመር መሠረት የመስመሩ ዕድሜ ከከረንት ጥግግቱ ካሬ ጋር በተገላቢጦሽ ይሄዳል፤ ከሙቀት ጋር ደግሞ በፍጥነት ያጥራል። ከረንቱ በእጥፍ ሲያድግ ዕድሜው ወደ ሩብ ይወርዳል ማለት ነው። ለአንድ ቀን ማሳያ ይህ ምንም ላይሆን ይችላል። ለዓመታት እንዲሠራ በአንድ ቦታ ላይ ለሚተከል መሣሪያ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው።

220 ኦሙ በ470 ቢተካ፣ የትራንዚስተሩን ሬዚስታንስ ዜሮ አድርገን እንኳ በአንድ ኤልኢዲ 6.6 ሚሊአምፔር፣ በድምሩ 53 ይሆናል። ሌላም ዘዴ አለ፦ ውፅዓቱ የሚሰጠው ከረንት በኃይል ምንጩ ፒን፣ የሚቀበለው ደግሞ በግራውንድ ፒን ስለሚያልፍ አራቱን ኤልኢዲዎች ወደ ግራውንድ፣ አራቱን ወደ ኃይል ምንጭ ማያያዝ ሸክሙን ለሁለት ይከፍለዋል። ፕሮግራሙ ላይ አራቱን ቢት መገልበጥ ነው የሚጠይቀው።

ማይክሮኮንትሮለሮችም ከዚህ ሕግ ውጭ አይደሉም። በአርዱዊኖ ኡኖ ቦርድ ላይ የሚገኘው ኤቲሜጋ328ፒ «40 ሚሊአምፔር ይሰጣል» ሲባል ይሰማል፤ ይህ ፍጹም ከፍተኛ ወሰኑ ነው። የቮልቴጅ ዋስትናው የተሰጠው በ5 ቮልት ለ20 ሚሊአምፔር ሲሆን በዚያም ላይ የሎጂክ 0 ቮልቴጅ እስከ 0.9 ሊወጣ ይችላል። በኃይልና በግራውንድ ፒኖች ላይ 200 ሚሊአምፔር የሚል ወሰን አለ፤ ከዚያም በታች ፒኖቹ በቡድን ተከፍለው የአንድ ቡድን የመቀበል ድምር ከ100 ሚሊአምፔር እንዳይበልጥ ይጠየቃል። ይህ የቡድን ወሰን የተጻፈው በሠንጠረዡ ግርጌ በትንንሽ ፊደላት ነው፤ ጠቃሚው መረጃ ብዙ ጊዜ የሚገኘውም እዚያ ነው።

ጭነቱ ከቺፑ ሲበልጥ

የ5 ቮልት ሪሌ ኮይል 70 ኦም ያህል ሬዚስታንስ ያለው ሲሆን 71 ሚሊአምፔር ይፈልጋል። በቀጥታ ከ74ኤችሲ04 ፒን ጋር ቢያያዝ፣ በ43 ኦም ስሌት 44 ሚሊአምፔር፣ በ65 ኦም ስሌት 37 ሚሊአምፔር ይፈስሳል። ሁለቱም ከ25 በላይ ናቸው። ኮይሉ የሚደርሰው ግን ከ2.6 እስከ 3.1 ቮልት ብቻ ነው፤ ብዙዎቹ ሪሌዎች ለመሳብ ከስማቸው ቮልቴጅ 75 በመቶ፣ ማለትም 3.75 ቮልት ይጠይቃሉ። ቺፑም ይጎዳል፣ ሪሌውም አይሠራም።

በእንዲህ ያለ ቦታ በየሱቁ የሚገኘው ዩኤልኤን2003 ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ምርጫ ነው። በእያንዳንዱ መስመር እስከ 500 ሚሊአምፔር ይቀበላል፤ የኮይሉን የተገላቢጦሽ ቮልቴጅ የሚያበርዱ ዳዮዶችም በውስጡ አሉት። ነገር ግን ዳርሊንግተን ስለሆነ በ100 ሚሊአምፔር እስከ 1.1 ቮልት ይወስዳል፤ ከ5 ቮልት ላይ ለኮይሉ 3.9 ቢተርፈው ነው። ለ12 ቮልት ሪሌ ይህ ምንም ማለት አይደለም፤ ለ5 ቮልቱ ግን ኅዳጉ ጠባብ ነው። ለእኔ የሚመረጠው እንደ 2ኤን7000 ያለ አነስተኛ ሞስፌት ነው። በጌቱ ላይ 4.5 ቮልት ሲያገኝ በ75 ሚሊአምፔር የሚወስደው ከ0.4 ቮልት አይበልጥም። ጌቱ የረጋ ከረንት ስለማይጠይቅ የ5 ቮልቱ 74ኤችሲ ፒን ሙሉ ቮልቴጁን ያቀርብለታል፤ 4 ሚሊአምፔሩም ሆነ 25 ሚሊአምፔሩ ጥያቄ ውስጥ አይገቡም። በኮይሉ ላይ ዳዮድ ማስቀመጥ ግን የግድ ነው።

ጭነቱ በጥቂቱ ብቻ ከበለጠ የአንዱን ቺፕ ጌቶች በትይዩ ማያያዝ ይቻላል። የሞስ ትራንዚስተሮች ሬዚስታንስ ከሙቀት ጋር ስለሚጨምር የበለጠ የተጫነው ራሱ ወደኋላ ያፈገፍጋል፤ ሸክሙን ይካፈላሉ። የ50 ሚሊአምፔሩ የጋራ ወሰን ግን አብሮ አያድግም።

«ታዲያ ለምን ጠንካራ ውፅዓት ያለውን ቤተሰብ አንመርጥም?» ሊባል ይችላል። 74ኤሲ በ4.5 ቮልት 24 ሚሊአምፔር በሁለቱም አቅጣጫ ያረጋግጣል። ጥንካሬው ግን የሚመጣው ከፍጥነት ጋር ነው። ብዙ ውፅዓቶች በአንድ ጊዜ ሲቀየሩ በግራውንድ ፒኑ ኢንዳክታንስ ላይ ቅጽበታዊ ቮልቴጅ ይፈጠራል፤ ዝም ብሎ ሎጂክ 0 ላይ የተቀመጠ ሌላ ውፅዓትም አብሮ ይዘላል። ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ በ74ኤሲ11000 ተከታታይ የኃይልና የግራውንድ ፒኖችን ከቺፑ ማዕዘን ወደ መካከል ያዛወረው ይህን ለማብረድ ነበር። አንድ ኤልኢዲ ለማብራት ሲባል ይህን ችግር ወደ ቦርዱ ማምጣት አይመከርም።

በቤተ ሙከራ መለካት

የውፅዓቱን ሬዚስታንስ ለመለካት አንድ መልቲሜትርና አራት ሬዚስተሮች ይበቃሉ። የኢንቨርተሩ ግብዓት ከኃይል ምንጭ ጋር ይያያዝና ውፅዓቱ ሎጂክ 0 ይሆናል፤ የቀሩት ግብዓቶች ተንሳፈው እንዳይቀሩ ከግራውንድ ጋር ይታሠራሉ። ከዚያም በኃይል ምንጩና በውፅዓቱ መካከል በየተራ 1000፣ 470፣ 330 እና 220 ኦም ይገባል። በእያንዳንዱ ጊዜ የፒኑ ቮልቴጅና በሬዚስተሩ ላይ ያለው ቮልቴጅ ይመዘገባል፤ ሁለተኛው ለሬዚስተሩ ዋጋ ሲካፈል ከረንቱን ይሰጣል። በ4.5 ቮልት 43 ኦም ያለው ውፅዓት በ1000 ኦም 4.3 ሚሊአምፔርና 0.19 ቮልት፣ በ220 ኦም 17 ሚሊአምፔርና 0.74 ቮልት አካባቢ ሊያሳይ ይገባል። ነጥቦቹ በግራፍ ሲቀመጡ የመስመሩ ዝንባሌ ሬዚስታንሱ ነው፤ መጉበጥ የሚጀምርበትም ቦታ በዓይን ይታያል። ለላይኛው በኩል ግብዓቱ ወደ ግራውንድ ይዞርና ሬዚስተሮቹ ከውፅዓቱ ወደ ግራውንድ ይገባሉ።

በዚህ መንገድ የሚገኘው ቁጥር የአንድ ቺፕ፣ በአንድ ክፍል ሙቀት ውስጥ ያለ ቁጥር ነው፤ ከተለመደው አምድ ጋር ይነጻጸራል እንጂ የዋስትናውን አምድ አይተካም። 45 ኦም የለካ ሰው በዲዛይኑ ውስጥ 82.5 መጻፉ የተለካውን መናቅ አይደለም፤ ነገ በሶኬቱ ላይ የሚቀመጠው ቺፕ ዛሬ የተለካው አይደለምና።

በብሬድቦርድ ላይ ሲለካ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ያረጁ የብሬድቦርድ ቀዳዳዎችና ቀጫጭን ሽቦዎች የራሳቸውን ኦም ይጨምራሉ፤ ያም ከምንፈልገው 43 ጋር ተደምሮ ይነበባል። ስለዚህ የመልቲሜትሩ ሁለት ጫፎች በቺፑ እግሮች ላይ በቀጥታ ማረፍ አለባቸው፦ አንዱ በውፅዓቱ እግር፣ ሌላው በራሱ በቺፑ የግራውንድ እግር እንጂ በኃይል ምንጩ መውጫ ላይ አይደለም።